የታችኛው የዓይን ቆብ የልብስ ጠርዝ አይደለም

«ቀላል ናት። አንድ ሰዓት ብትፈጅ ነው። ጠዋት ገብተሽ ማታ ቤትሽ ነሽ። ከዓይንሽ ሥር ያለችውን ትርፍ ስብ ያወጡልሻል፤ በቃ፣ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ተመለስሽ ማለት ነው።»

ይህን ንግግር ሰርግ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ፀጉር ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ከዱባይና ከዋሽንግተን በሚደወል ስልክ ሰምቼዋለሁ። ቲክቶክ ላይማ ከ«በፊት» እና ከ«በኋላ» ፎቶ ጋር በየሰዓቱ ይመጣል። የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ለወዳጃቸው አስበው ነው። ንግግሩ ግን የተሳሳተ ነው። መሳሳቱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ነገር ግን ሰው ዓይኑን ይዞ ምላጭ ሥር የሚገባው ይህንን አምኖ ነው።

የእነሱን ሙግት ሳልሸራርፍ ላስቀምጠው። የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠሩ የውበት ቀዶ ጥገናዎች አንዱ ነው። ሆስፒታል ማደር አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌና በሚያረጋጋ መድኃኒት ይሠራል። ማበጡና መበለዙ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ካሠሩት ውስጥ ብዙዎቹ ደስተኞች ናቸው፤ ከባድ ጉዳት የሚደርስባቸው ጥቂቶች ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሌላም አለ። ከእናቷ የወረሰችው እብጠት ገና በወጣትነቷ ከዓይኗ ሥር የወጣባት ሴት፣ ቢሮ በገባች ቁጥር «ምነው፣ አልተኛሽም እንዴ? አልቅሰሻል?» ስትባል ምን እንደሚሰማት የደረሰበት ያውቀዋል። ፊቱ የራሷ ነው፤ ገንዘቡም የራሷ። «ፈጣሪ እንደሠራሽ ኑሪ» ብሎ መገሠጽ የእኔ ሥራ አይደለም። ኩል የምትኳለውን፣ ጥርሱን የሚያሳስረውን ያልገሠጸ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሰባኪ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ጠቤ ከሁለት ቃላት ጋር ነው፤ «ትርፍ» እና «ቀላል»።

ከ«ትርፍ» ልጀምር። ከዓይን ሥር ያለው ስብ ሆድ ላይ እንደሚጠራቀመው ዓይነት አይደለም። ዓይናችን አጥንት ውስጥ የሚተኛበት አልጋ ነው፤ ዓይን ሲዞር፣ ሲንቀሳቀስ፣ ሲመታ የሚደግፈው እሱ ነው። በታችኛው ቆብ በኩል በሦስት ኪስ ተከፍሎ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ደግሞ አንድ ስስ ሽፋን ይዞታል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም በዘር ሲመጣ፣ ያ ሽፋን ይላላና ስቡ ወደ ፊት ይገፋል። እብጠት ብለን የምናየው ይህንን ነው። እንግዲህ ከቦታው የወጣ ነገር ሁሉ ትርፍ ነው? ግድግዳው ስላዘመመ በውስጡ ያለው ዕቃ ይጣል ይባላል? ከዚህ የባሰው ደግሞ ዓይንን ወደ ላይና ወደ ጎን ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች አንዷ በውስጠኛውና በመካከለኛው የስብ ኪስ መካከል የምታልፍ መሆኗ ነው። ስብ ለማውጣት የገባ እጅ እሷን ከጎዳ ሰውዬው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል።

ስቡን እያወጡ የመጣል ልማድ በሐኪሞች ዘንድም ለረጅም ጊዜ ነበር። በ40 ዓመት ለስልሶ ያማረ ፊት በ60 ዓመት ከዓይን ሥር ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱም ፊት ዕድሜ ሲገፋ ስቡን በራሱ ጊዜ ያጣል። ቀድሞ የተወሰደው በዚያ ላይ ተደመረ። ብራዚላዊው ሐኪም ራውል ሎብ እ.ኤ.አ. በ1981፣ አሜሪካዊው ሳም ሃምራ ደግሞ በ1990ዎቹ ሌላ መንገድ አሳዩ፤ ስቡን ከመጣል ይልቅ ወደ ታች አንሸራትቶ ከቆቡና ከጉንጩ መካከል ያለውን ስርጉድ መሙላት። ዛሬ ጥሩ ሐኪም ከታማሚው ጋር ከሚማከርባቸው ዋና ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ የቱ ይወጣል፣ የቱ ይቀራል፣ የቱ ቦታ ይለውጣል። ሰፈር ውስጥ ያለው ወሬ ግን አሁንም «ያወጡልሻል» እንዳለ ነው። የወጣ ስብ ተመልሶ አይገባም፤ ከሌላ የሰውነት ክፍል ስብ ወስዶ መሙላት ይቻላል፤ ያ ግን ሌላ ቀዶ ጥገና፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላ አደጋ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እብጠቱ በእርግጥ ስብ ነው? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ለምን እንደጠፋ አይገባኝም። መስታወት ፊት ቆማችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ፤ እብጠቱ ከጨመረና ጠዋትም ማታም ያው ከሆነ ስብ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጠዋት አብጦ ከሰዓት በኋላ የሚቀንስ ከሆነ ግን ውኃ ነው፤ ጨው የበዛበት እራት፣ አለርጂ፣ አንዳንዴም ኩላሊት ሊሆን ይችላል። የኩላሊት በሽታ በዓይን ዙሪያ እብጠት ራሱን ማሳየቱ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው ነው። ያንን ሰው ሰርጀን ጋ መላክ በሽታውን መሸፈን ነው። እንቅርት ወይም ሌላ የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ዓይኑ ሊያፈጥና ቆቡ ሊያብጥ ይችላል፤ ሕመሙ ገና እየሠራ ሳለ የዓይን ቆብ ለውበት አይቆረጥም፤ መጀመሪያ ሕመሙ መርጋት፣ ረግቶም ወራት መቆየት አለበት። በጉንጭ አጥንት ላይ የሚንጠለጠለው እብጠት ደግሞ ከቆቡ በታች ስለሆነ የዚህ ቀዶ ጥገና ጉዳይ አይደለም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ይብሳል።

ጥቁረቱስ? ከዓይናቸው ሥር የጠቆረባቸው ብዙ ሰዎች ቀዶ ጥገናው ያነጣልኛል ብለው ይሄዳሉ። የቆዳ ቀለም በምላጭ አይወጣም። ከእብጠቱ በታች የሚያርፍ ጥላ ከሆነ እብጠቱ ሲስተካከል ይቀንሳል፤ ቆዳው ራሱ የጠቆረ ከሆነ ግን እንዳለ ይቀራል። እንደ እኛ ባለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ በቀዶ ጥገናው ማግሥት «ለማሳመር» ተብሎ የሚጨመረው ሌዘር ወይም ቆዳ የሚልጥ ኬሚካል ደግሞ ጥቁረቱን ሊያብሰው ይችላል። እዚህ ላይ ለሌላው ወገንም ፍትሕ ላድርግ፤ «ጥቁር ቆዳ ጠባሳው ይገዝፋል፣ አትሞክሩት» የሚባለው በዓይን ቆብ ላይ የተጋነነ ነው። የቆቡ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ የሳሳ ነው፤ የሚገዝፍ ጠባሳ እዚያ ላይ ብዙም አይታይም። ከጠባሳው ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው።

የሚያስፈራኝ «ቀላል» የሚለው ቃል ነው።

ቆቡን እንደ ልብስ ጠርዝ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ሲረዝም ይቆረጣል፣ ሲላላ ይሰፋል። የታችኛው ቆብ ግን ሥራ አለው። ከላይኛው ጋር ገጥሞ ዓይንን ይከድናል፤ ዕንባን በዓይን ላይ ያሰራጫል፤ በውስጠኛው ማዕዘን ባለችው ቀዳዳ ዕንባውን ወደ አፍንጫ ይገፋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ምንም ነገር ከላይ ሳይዘው፣ ክብደት ወደ ታች እየጎተተው ነው። ሁለቱ ጫፎቹ እንደ አልጋ ጠፍር ወጥረው ካልያዙት ይወርዳል። ቆዳው ላይ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር አብልጦ መቁረጥ፣ ወይም ውስጡ የሚፈጠር ጠባሳ ሲኮማተር፣ ቆቡን ወደ ታች ይስበዋል። ያን ጊዜ ከጥቁሩ ክብ ሥር ነጩ ይወጣል፤ ዓይን ክብ ይሆናል፤ ሰውየው ሳይደነግጥ የደነገጠ፣ ሳያዝን ያዘነ ይመስላል። መልኩ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ዓይኑ ይደርቃል፤ ስለደረቀም ያለማቋረጥ ያነባል፤ ሌሊት በደንብ አልከደን ብሎ ጠዋት አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ማስተካከል ይቻላል፤ ከላንቃ ሥጋ ወስዶ ቆቡን ከውስጥ መደገፍ ድረስ የሚሄድ ማስተካከያ አለ። ለአንድ ሰዓት ሥራ የገባ ሰው ግን ለዚህ ተዘጋጅቶ ነበር?

የቆብን ነገር ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብን እኛ ነን። ኢትዮጵያ የትራኮማ ሸክም በዓለም ላይ ከከበደባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ናት። የላይኛው ቆብ ጠባሳ ይዞ ጠርዙ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ፣ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ሰውን ያሳውራል። ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ሲነቅሉ የኖሩ አያቶች ያሏት አገር ናት። የቆብ ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ ምን እንደሚያስከትል በራሳችን ቤት አይተናል። ያንን የሚያቃናው፣ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚሠራው ቀዶ ጥገና የዓይን ሕክምና ይባላል፤ ማንም «ቀላል ናት» ብሎ አይጠራውም። ከተማ ሲገባና ለውበት ሲሆን የፀጉር ቤት ስም የሚሰጠው ለምንድን ነው? ዓይኑ ያው ዓይን ነው፤ ቆቡም ያው ቆብ።

አንዲት የቅርብ ወዳጄ ልጇን ልትድር ስትዘጋጅ ውጭ አገር ላለ ክሊኒክ ሦስት ፎቶ በዋትስአፕ ላከች። በሁለተኛው ቀን ዋጋ ተነገራት፣ ቀን ተቆረጠላት፤ ቀብድ ከፈለች። ቀጠሮው ከሰርጉ 12 ቀን በፊት ነበር። ሲነገረኝ ደነገጥኩ። ደም ግፊት እንዳለባት የጠየቃት አልነበረም። በየቀኑ አስፕሪን እንደምትውጥ የጠየቃት አልነበረም። ዓይኗ ይደርቃል ወይ፣ መነጽሯን ለመጣል በሌዘር ታክማለች ወይ፣ የታይሮይድ ሕመም አለባት ወይ ያላት ሰው አልነበረም። ፎቶ ይህን አይናገርም። ለምኜ እዚሁ አዲስ አበባ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሙ የታችኛውን ቆብ በሁለት ጣት ይዞ ወደ ፊት ሳብ አደረገና ለቀቀው። ጤነኛ ቆብ ወዲያው ይመለሳል፤ የእሷ ግን ዓይኗን እስክታርገበግብ ድረስ ተንጠልጥሎ ቆየ። «እመቤቴ፣ ይህ ቆብ ጫፉ ሳይጠበቅ ከተቆረጠ ይወርዳል» አላት። ምርመራው የወሰደው አምስት ሰከንድ ነው። በባሕር ማዶ ገንዘብ ተቀብሎ ቀን የቆረጠ ክሊኒክ ያልሠራው ይህንን አምስት ሰከንድ ነው።

አንድ ሰው «ቅድመ ምርመራ» ሲላችሁ ይህ መኖሩን እዩ፦ ቆቡ ሲሳብ እንዴት ይመለሳል? ዓይኑ ከጉንጭ አጥንቱ ወደ ፊት የወጣ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የገባ? ከጉንጩ ፊት ለፊት የወጣ ዓይን ያለው ሰው ቆቡ የሚያርፍበት ድጋፍ ስለሌለው የመውረድ አደጋው ይበዛል። ዕንባው በቂ ነው? በትንሽ ወረቀት ይለካል። የማየት አቅሙ ከቀዶ ጥገናው በፊት ተለክቶ ተጽፏል? በሌዘር ዓይኑን የታከመ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆያል። ከዓይኑ ሥር ከዚህ በፊት መሙያ መርፌ የተወጋ ይናገራል፤ ያ ያበጠው ነገር ራሱ መርፌው ሊሆን ይችላልና።

«አሁን ግን ከውስጥ ነው የሚሠራው፤ ስፌት የለውም፣ አደጋ የለውም» ይላሉ። ከቆቡ ውስጠኛ ገጽ መግባት አዲስ ነገር አይደለም፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ቡርጌ እ.ኤ.አ. በ1924 ጽፎታል። ስብ ለገፋባቸው፣ ቆዳቸው ግን ላልላላ ወጣቶች ጥሩ መንገድ ነው፤ ከውጭ ጠባሳ አይተውም፣ ቆቡን የመሳብ አደጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን የላላ ቆዳ አይቆርጥም፤ ቆዳ የተሸበሸበባት የ60 ዓመት እናት በዚህ ብቻ ፊቷ አይለሰልስም። ዋናው ደግሞ ምላጩ በየትም በኩል ይግባ የሚደርሰው ከዓይን ጀርባ ጋር የተያያዘ ስብ ላይ ነው። እዚያ ደም ከፈሰሰ የሚሄድበት የለውም። ዙሪያው አጥንት ነው። ደሙ ዓይንን ወደ ፊት ይገፋል፤ ወደ ዓይን ነርቭ የሚሄደውን ደም ያፍናል።

ይህ የሚሆነው ከ2000 ሰው በአንዱ ገደማ ነው። ለዘለቄታው ዓይኑ የሚጠፋ ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አላጋንነውም። ነገር ግን የዚያ አንድ ሰው ዓይን የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በምንድን ነው? በጊዜ ነው። ነርቩና የዓይኑ ውስጠኛ ገጽ ደም ተቋርጦባቸው የሚችሉት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቆቡን የውጭ ጫፍ ቆርጦ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ሰው ከተገኘ ዓይን ይድናል። አብዛኛው እንዲህ ያለ መድማት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፤ ማለትም ብዙ ጊዜ ታካሚው ቤቱ ወይም ሆቴሉ ገብቶ በተኛበት። ስለዚህ «ማታ ቤትሽ ነሽ» የሚለው ማባበያ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ነበረበት፤ ማታ ከማን ጋር ነኝ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬን የሚያነሳ ሐኪም ማን ነው? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትንሽ መቆጥቆጥ ይኖራል፤ ኃይለኛ ሕመም ግን የለም። የአንድ ዓይን ከባድ ሕመም፣ ዓይን ወደ ውጭ መግፋት፣ እይታ መደብዘዝ ከመጣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ያ ሁሉ በሌለበት ሌሊት በረዶ ይያዛል፣ ራስን ከፍ አድርጎ ይተኛል፤ በየጊዜውም እያንዳንዱን ዓይን ለብቻው እየከደኑ ማየት ይሞከራል።

ከመቆረጥ በፊት ያለው ሁለት ሳምንትም የታካሚው ኃላፊነት ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ያቀጥናሉ፤ ስለዚህ በሐኪም ምክር ይቋረጣሉ። ለልብ ወይም ለደም ስር የታዘዘ መድኃኒት ግን በራስ ፈቃድ አይቋረጥም፤ ያዘዘው ሐኪም ይጠየቃል። እኛ መድኃኒት የማንላቸው ነገሮችም አሉ። በየጠዋቱ የሚዋጥ የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ኢ፣ ማር ውስጥ የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ፤ «ይሄ እኮ ምግብ ነው» ብሎ ዝም የሚል ሰው ብዙ ነው። ለሐኪሙ ሁሉም ይነገር። ያልተያዘ ደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ኃይለኛ ሳል፣ ማስመለስ፤ እያንዳንዱ ያን ጠባብ ቦታ በደም ሊሞላ ይችላል።

ወደ ውጭ ሄዶ ስለማሠራት አንድ ነገር ልበል። ኢስታንቡልና ዱባይ፣ ባንኮክና ዴልሂ ጎበዝ ሰርጀኖች አሉ፤ አልክድም። ችግሩ እጃቸው ላይ ሳይሆን የአውሮፕላን ቲኬቱ ላይ ነው። ስፌት ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ቆቡ መሳብ የሚጀምረው ግን ጠባሳው ሲኮማተር፣ ከሳምንታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሰርጀኑ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ታካሚዋ ቤቷ ገብታ ሌላ ሐኪም ደጅ ትጠናለች። ክሊኒኮቹ የሚያሳዩትን ፎቶም እወቁት፤ ከላይ የሚበራ መብራት እብጠትን ያጎላዋል፣ ከፊት የሚበራ ያጠፋዋል። ያለ ምላጭ፣ በመብራት ብቻ «በፊት» እና «በኋላ» መሥራት ይቻላል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቼ ኢንሹራንስ ይሸፍናል የሚል ወሬ ሰምተዋል። ያ የላይኛው ቆብ ወርዶ እይታ ሲጋርድ ነው። የታችኛው በአብዛኛው በራስ ኪስ ነው። እዚያው አገር የሕክምና ፈቃድ ያለው ሐኪም ሁሉ ራሱን የውበት ሰርጀን ብሎ ቢጠራ የሚከለክለው ብዙም የለም፤ የሚፈለገው በዓይንና በዓይን ዙሪያ ፕላስቲክ ቀዶ ጥገና፣ ወይም በፊት ፕላስቲክ ቀዶ ጥገና የሠለጠነና የተመሰከረለት ሰው ነው። በዓመት ስንት የታችኛው ቆብ ቀዶ ጥገና እንደሚሠራ፣ ቆብ ሲወርድበት ማን እንደሚያስተካክልለት ብትጠይቁት የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

«ሰውን ታስፈራራላችሁ» ይሉናል። ያስፈራው እውነቱ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ያልተመረመረ ሰው ደፋር አይባልም፤ ያልተነገረው ሰው ነው። እኔ የምጠላው ቀዶ ጥገናውን አይደለም፤ ቆቡ ሳይሳብ፣ ዕንባው ሳይለካ፣ የደም ግፊቱ ሳይታወቅ በፎቶና በቀብድ ቀን የሚቆርጠውን ንግድ ነው። ይህ የውበት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የዓይን ጉዳይ ነው። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብለን የምንምል ሕዝብ ስንሆን፣ የማንምለበትን ጥርሳችንን እንኳ ለጥርስ ሐኪም ስንሰጥ፣ ዓይናችንን ለማንም የምንሰጠው እንዴት ነው?

ወዳጄ ልጇን ዳረች። ከዓይኗ ሥር ያለው እብጠት በሰርጉ ፎቶ ላይ አለ። ቀብዷ አልተመለሰላትም። ከሰርጉ በኋላ አስፕሪኗን ካዘዘላት የልብ ሐኪም ጋር ተማክራ፣ ግፊቷን አስተካክላ፣ የቆቡን ጫፍም አጥብቆ ስቡንም በልክ የሚያስተካክል ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዛለች፤ ያ ሐኪም ከመቁረጡ በፊት ሁለት ጊዜ መርምሯታል። እናንተም ቀጠሮ ካላችሁ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ቆባችሁን በጣቱ ይዞ ሳብ ያደረገ ሰው ከሌለ፣ ቀብዳችሁን ትታችሁ ውጡ።